ያልተኳለችው ሙሽራ

ያን ጥር መተማ ዮሐንስ ዓይኗን ታመመች። መጀመሪያ ሰሊጥ ጫኞቹ፣ ቀጥሎ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ዓይኑ ቀልቶ ያነባ ጀመር። የግቢያችን ፍየሎች እንኳ ዝንብ ወሯቸው በአንድ ዓይን ነበር የሚያዩን። የእኔ ሠርግ የደረሰው በዚሁ ሰሞን ነው፤ የሠርጌ ዕለት ማለዳ ስነሳ ሁለቱም ዓይኖቼ በዓይናር ተጣብቀዋል።

እናቴ ሙሽራ ኳይ ናት። ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የሚሻገረውን ኩል ፈጭታ አልማ የሰፈራችንን ሙሽሮች የምትኩለው እሷ ነች። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሙሽራዋ በተኳለችበት እንጨት ያላገቡት ልጃገረዶች ሁሉ ተራ በተራ ይኳላሉ፤ ዕድሏ ይጋባል ይባላል። ያን ዕለትም ሚዜዎቼ ተሰልፈው ሲጠብቁ እናቴ ዓይኔን አየችና የኩሉን ብልቃጥ መልሳ ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

«ዛሬ ኩል የለም!»

«እሷን ብቻ ኳያትና እንጨቱን ጣይው» አለቻት አክስቴ።

«እሷን ኩዬ እነዚህ ዝም ሊሉ? ሰርቀውም ይኳላሉ። ዛሬ የሚጋባባቸው ዕድሏ አይደለም።»

ልጆቹ አኮረፉ። እኔማ ልፈነዳ ደረስኩ፤ የኳይ ልጅ ሳትኳል ስትወጣ አስቡት! ከዚያ የከፋው ደግሞ ዓይኗ የቀላ ሙሽራ ስታለቅስ ያደረች፣ ያለፈቃዷ የምትዳር መምሰሏ ነው። የሙሽራው ወገኖች ከሳንጃ የመጡ፣ ነገር የማያልፋቸው ሰዎች ናቸው።

የፈራሁት አልቀረም። መሸፈኛዬ ሲገለጥ የሙሽራው አባት ፊታቸው ጠቆረ፣ ዳሱም አንሾካሸከ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሳትወጂ ነው እንዴ የሚድሩሽ?» አሉኝ።

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ማለቷ ነው ወጉ። እናቴን ሳያት ግን እንደ ጥፋተኛ አቀርቅራለች። አንጀቴ አልቻለም፤ ቀና አልኩ።

«ኧረ አባባ፣ ዓይኔን አሞኝ ነው! እንኳን ላለቅስ፣ ልጅዎ ቀረብኝ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ሳይ ነው ያረፈድኩት።»

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አባባ ራሳቸው በኩታቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። የመጀመሪያውን እልልታ ያቀለጠችው እናቴ ናት።

በእኛ ኩል ዓይኗን የታመመች አንዲት ልጅ የለችም። እናቴ ለሰው ልጆች ዓይን ስትል የገዛ ልጇን ሳታሳምር ዳረች፤ እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም። ፎቶ አንሺው የዓይኔን ቅላት በኮምፒውተር ሊያጠፋልኝ ሲል «ንክች እንዳታደርገው!» አልኩት።