በጸሎት መሐል የመጣች ወፍ

መስከረም ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የተፈጥሮ ወዳጆች ቡድናችን ወፍ ለማየት ከዲላ ወደ ቡሌ ወጣ። ባልደረባዬ አልማዝ ወደ ሐዋሳ ልትዛወር ስለሆነ፣ ያቺን ስትበር ቀይ ክንፏ ብልጭ የሚል አረንጓዴ ወፍ ሳላይ አልሄድም ብላ ምላለች።

አስጎብኚያችን ጋሽ በራሶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ጫካው ጥግ አቁመውን «እንጸልይ» አሉ። ወትሮ ጸሎታቸው አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ስለ መንገዱ፣ ስለ ምሳችን፣ ስለ ጫማችን ሶል ሳይቀር ጸለዩ። ቢቸግረኝ አንድ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ወፏ ፊት ለፊታችን ሾላው ላይ ተቀምጣ ፍሬ ትለቅማለች!

አልማዝን በክርኔ ልጎሽማት ፈለግኩ። ግን በጸሎት ሰዓት ዓይኗን ገለጠች ልባል? ክርኔን ሰበሰብኩ። ወፏ በረረች፤ ጋሽ በራሶም ወዲያው «አሜን» አሉ።

ቀኑን ሙሉ እሷን ፍለጋ ጭቃ ስናቦካ ዋልን። አልማዝ «ወፏም ጠላችኝ!» እያለች ስትመለስ ኅሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። ጋሽ በራሶን ገለል አድርጌ፣

«ጋሼ፣ በድያለሁ። ጸሎት ላይ ዓይኔን ገልጬ ወፏን አይቻታለሁ» አልኳቸው።

አልማዝን ገልመጥ አደረጉና በሹክሹክታ፣

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ትሰማለች! ቶሎ አሜን ብንል ኖሮ ወፏ ትደነግጥብኝ አልነበር?»