ባለመስኮቱና ባለፖሟ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሁሉ «ባለመስኮቱ» ነው የሚለው። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የምትሠራው ሴት ደግሞ «ባለፖሟ» ነበረች። እሱ ትርጉሙ «መስኮቶች» በሆነው በዊንዶውስ ይሠራል፣ እሷ የፖም ምልክት ባለው በማክ። ስሙን ያወጡላቸው የማሽን ክፍል ሰዎች ናቸው። ሁለቱም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ሲጠሩበት ደስ ይላቸው ነበር።

ሥራቸው ገጽ ማቀናበር ነው። ደንበኛ ያመጣውን ጽሑፍ ተቀብለው፣ ርዕሱንም ሥዕሉንም በየቦታው አስገብተው፣ ለሕትመት የደረሰ ገጽ ያወጣሉ። ክፍላቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ታች ያለው ትልቁ ማሽን ሲነሳ ወለሉ ይርገበገባል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ውሃ ይንቀጠቀጣል። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል አንድ የብረት ቁም ሣጥን ቆሟል፤ ከሱ በስተቀኝ ያለው የሷ ግዛት፣ በስተግራ ያለው የሱ ግዛት ነው።

እሷ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። ማኩን የገዛው የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አራት ወር አሠልጥኖ «ከዛሬ ጀምሮ አደራ» ብሎ አስረከባት። ስክሪኑ ላይ ያየችው ቀይ ወረቀቱ ላይም ያው ቀይ ሆኖ ስለሚወጣላት ነው የምትወደው። እሱ የመጣው ከኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነው። ዊንዶውስን የወደደበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የሚሠራበትን ዕቃ በገዛ እጁ ፈቶ፣ ጠርጎ፣ የተበላሸውን ቀይሮ መልሶ መግጠም ይችላል። የማይፈታ ዕቃ አያምንም።

ጠዋት ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ትጀምረዋለች።

«ደህና አደረ ያንተው ማሽን? የቫይረስ ጉንፋኑ ለቀቀው?»

«አንቺ ደግሞ ያቺን ባለአንድ ጥርስ ማውስሽን ተንከባከቢያት። ሁለተኛውን ጥርስ መቼ ነው የምታበቅለው?»

«አንድ ጣት የሚበቃው ሰው ሁለት ቁልፍ ምን ያደርግለታል?»

ሰው ሁሉ ይስቃል። ፎቁ በሙሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጸሐፊዎቹና ሒሳብ ክፍል ከሱ ጋር ናቸው፤ የማተሚያ ፕሌት የሚያወጡትና የማሽን ክፍል ሰዎች ከሷ ጋር። የሷ ኮምፒውተር ሲቆም ወገኖቿ ከታች ድረስ ለቅሶ የሚደርሱ መስለው ይመጣሉ፤ የሱ ሲቆም ደግሞ እሷ «ነፍስ ይማር» ትልና ወንበሯን ታዞራለች። ያም ሆኖ ምሳ አብረው ይበላሉ። ልጁ ስትወለድ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች። «እታለም» ነበር የሚላት።

እንዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሄደ።

ነገሩ መቼ እንደጎመዘዘ ባለመስኮቱ ራሱም በትክክል አያውቀውም። አንድ ቀን ግን ያስታውሳል። አንዲት ደንበኛ የመጽሔት ሥራ ይዛ መጥታ ከባለፖሟ ጋር ታወራለች። እሱ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ገመድ ያያይዛል።

«እዚያ ማዶ ያለውስ? ለሱ ብሰጠው አይፈጥንልኝም?» አለች ደንበኛዋ።

«እሱ?» አለች ባለፖሟ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «እሱ ጎበዝ ታይፒስት ነው።»

ታይፒስት። አሥራ ስምንት ዓመት ገጽ ያቀናበረ ሰው። ገመዱን ይዞ እንደጎነበሰ ቀረ። ደንበኛዋ እስክትሄድ ቀና አላለም። ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት «ምን አለበት? ለቀልድ ይሆናላ» አለችው። ለቀልድ ቢሆን ኖሮ ፊቱ ነበር የምትለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት መልስ ይመልሳል እንጂ ሳቁ ከጥርሱ አያልፍም።

ከዚያ ቀን በኋላ በሦስተኛው ወር ገደማ የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ መጣ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት መድረስ አለበት። ሠንጠረዦቹንና መልመጃዎቹን እሱ እንዲያዘጋጅ፣ እሷ ደግሞ ተቀብላ ከሥዕሎቹ ጋር ገጽ እንድታደርጋቸው ተወሰነ። አርባ ሁለት ገጽ ነበር የሱ ድርሻ። በአዲስ ፎንት ሠራው፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያልተጫነ የፊደል ዓይነት። ፋይሉን በፍላሽ ሰጣት። ፎንቱን አልሰጣትም።

ረስቶት ነበር? መጀመሪያ ላይ አዎ። ይኼን ከልቡ ሊምል ይችላል። ከሰዓት በኋላ ስትጠራው ግን አልረሳም።

«ና እስቲ እየው፣ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኖብኛል።»

መጥቶ አየ። ስክሪኑ ሙሉ ትንንሽ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ምን እንደጎደለ በአንድ እይታ ገባው። መፍትሔው የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሌላኛው ፍላሽ ላይ። አውጥቶ መስጠት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

«እኔጋ በደንብ ይታያል» አላት። «ችግሩ ካንቺ ማሽን ነው። አያነበውማ።»

ቀና ብላ አየችው። ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ «ጉንፋንህን አስተላለፍክብኝ» ትላለች ብሎ። አልሳቀችም። «እሺ» ብቻ አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ አርባ ሁለቱን ገጽ ከደንበኛው ረቂቅ እያየች በእጇ እንደገና ጻፈችው። ቁልፎቹ ሲንኳኩ ከቁም ሣጥኑ ማዶ ይሰማዋል። በመጀመሪያው ቀን «ነገ እሰጣታለሁ» አለ። በሁለተኛው ቀን «አሁን ብሰጣት ትላንት የት ነበርክ ትለኛለች» አለ። በሦስተኛው ቀን መስጠቱ ትርጉም አልነበረውም፤ ጨርሳዋለች። በጥድፊያ የተጻፈ ነገር ስሕተት አያጣውምና ሁለት ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር ተዛንፎ ተገኘ። ታርሞ እስኪወጣ ሌላ ቀን ሄደ። መጽሐፉ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ደረሰ፤ ደንበኛው ቀጣዩን ሥራ ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ወሰደ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ቢሮው ሰበሰበ። አዲስ ሰው ነው፤ ከመጣ ዓመት አልሞላውም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ» አለ። «አራት ቀን የት ገባ?»

ባለፖሟ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። አልተናገረችም። ባለመስኮቱን ነው የምታየው። እሱ የጫማውን ጫፍ አየ።

«የሷ ማሽን ፋይሉን አላነብ ብሎ ነው» አለ።

ጉዳዩ በዚያው ተቆረጠ። በወሩ መጨረሻ ማተሚያ ቤቱ ሁሉን ነገር በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር እንዲሠራ ተወሰነ፤ በዊንዶውስ። ማኩ በላስቲክ ተሸፍኖ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ባለፖሟ ወደ ጥረዛ ክፍል ተዛወረች፤ ወረቀት ማጠፍና መደርደር። ሒሳብ ክፍልና ጸሐፊዎቹ «አሸነፍክ!» ብለው እጁን ጨበጡት። እሱም ጨበጠ።

ለሦስት ዓመት በደረጃው ላይ ሲተላለፉ «እንደምን አደርክ» ትለዋለች፣ «እንደምን አደርሽ» ይላታል። እታለም የሚለው ቃል ከአፉ ጠፋ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወረቀት ፍለጋ ግምጃ ቤት ቢወርድ እዚያ አገኛት። ላስቲኩን ገልጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ የማኩን ስክሪን ትወለውላለች። አላየችውም። ወረቀቱን ሳይወስድ ኮቴውን አጥፍቶ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ቆይታ ታመመችና ሥራውን ለቀቀች። ለመሸኛዋ የተፈረመው ካርድ ላይ ስሙን የጻፈው ከታች ጥግ ላይ ነው።

ፊት ለፊቱ ያለው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ዲዛይነር ተቀጠረች። ፈጣንና ጨዋ ሴት ናት። አንድ ቀን የማሽን ክፍል ሰው ገብቶ፣ «አንቺ ከማን ወገን ነሽ? ከመስኮት ነሽ ከፖም?» አላት፣ የድሮውን ጨዋታ ሊያነሳ።

አልገባትም። ሲያብራሩላት ሳቀች።

«ሰው በዚህም ይጣላ ነበር?» አለች። «እኔ እኮ ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ከፍቼ ነው የምሠራው። ምን ላይ እንደምሠራ ልብም አላልኩት።»

ባለመስኮቱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቅዳሜ ሲሆን አድራሻ ጠያይቆ ወደ ባለፖሟ ቤት ሄደ።

በሩን የከፈተችው ታናሽ እህቷ ነበረች። አብረው ነው የሚኖሩት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። ባለፖሟ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አይነሳም። ደም ግፊት ጎኗን እንደመታት አላወቀም ነበር። ማንም አልነገረው፤ እሱም አልጠየቀም።

«ባለመስኮቱ» አለች። አፏ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ስለ ጤናዋ ጠየቀ፣ ስለ ሐኪሞቹ ጠየቀ፣ ስለ ደረጃው ርዝመት አወራ። የሚያወራው ሲያልቅበት፦

«እታለም፣ ያኔ የሳይንስ መጽሐፉ ጊዜ…»

«ፎንቱ» አለች።

ዓይኑን ከወለሉ አንስቶ አያት።

«አውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ፤ ቃላቱ ይከብዷታል። «ባዶ ሣጥን ምን ማለት እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ? ስንት ዓመት ሠራሁ?»

«ታዲያ ለምን ፎንቱን አምጣ አላልሽኝም? ስብሰባው ላይስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትሰጠኛለህ ብዬ ነዋ። አንድ ቀን ጠበቅኩ። ሁለተኛ ቀን ጠበቅኩ። ስብሰባው ላይም ዓይን ዓይንህን ሳይህ ነበር፤ አሁን ይናገራል ብዬ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የሚያሳዝነኝ ማሽኑ አይደለም። ማሽን ያረጃል። አሥራ ስምንት ዓመት ስንሰዳደብ… እኔ የምንጫወት ነበር የመሰለኝ።»

ስለዚያች «ታይፒስት» የምትል ቃል ሊነግራት ፈልጎ ነበር። ያቺን ቃል ከሦስት ዓመት በላይ ከነድምፁ ተሸክሟት ኖሯል። አሁን ግን ከዚያች ቀኝ እጅ ፊት ሲያስባት አንዲት ትንሽ የልጅ ኩርፊያ ሆነችበት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። ባለፖሟ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህቷ ገብታ «ደክሟታል» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባና የሆነውን አንድ በአንድ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ እስኪጨርስ ሰማው።

«ያ ነገር እኮ አልፏል» አለ። «ማሽኑም ተሸጦ ሄዷል። አሁን ምን እንዳደርግ ነው የምትፈልገው?»

«መዘግየቱ የእሷ ጥፋት አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ከፋይሏ ጋር ይያያዝ፤ ለሷም ግልባጭ ይድረሳት። እኔን መቅጣት ካለብዎትም ይቅጡኝ።»

«ለጡረታ ስንት ቀረህ?»

«ሰባት ዓመት።»

«ሂድና ሥራህን ሥራ። ደብዳቤውን ራስህ ጻፈው፤ እፈርምልሃለሁ።»

ጻፈ። በሕይወቱ ካቀናበረው ገጽ ሁሉ በላይ የደከመበት ያ ግማሽ ገጽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልክ እያናገረ ሳያነበው ፈረመው። አንዱ ቅጂ ማንም የማይከፍተው መደርደሪያ ውስጥ ገባ። ሌላውን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። እህቷ በሩን በግማሽ ከፍታ ተቀበለችውና አልጋበዘችውም፤ «እዚሁ ቆይ» ብላ ገባች። ከውስጥ ስታነብላት ድምፅዋ ይሰማል። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው።

«ምን አለች?» አላት።

«ቀኑ ተሳስቷል አለች። መጽሐፉ የወጣው በዚያ ወር አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባለው ነው አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም።»

ወረቀቱን ተቀብሎ ደረጃውን ወረደ። ቀኑን አስተካከለ፣ እንደገና አስፈረመ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወጣ። አንኳኳ። ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ ወንበር ይጎተታል። እንደገና አንኳኳ። ጎረቤት ወጥቶ አየውና ተመልሶ ገባ። በመጨረሻ ጎንበስ አለ፣ ደብዳቤውን በበሩ ሥር አሾለከው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተስቦ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዞ ቀስ እያለ ወረደ።