የጸሐፊው እንግሊዝኛ

በክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። አሜሪካዊው የከብት ሐኪም ከጠረጴዛው ኋላ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆሟል፤ ወንበር ቢያቀርቡለትም አልተቀመጠም። በቀኙ ከጦር ሰፈሩ የመጡት ሻለቃ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ቆመዋል። በግራው የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ አለ። ከጸሐፊው ኋላ፣ በላምባ የሚሠራውን የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ተደግፋ የሚስቱ እህት ቆማለች፤ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ የታይፕ ዲፕሎማዋን በፖስታ ይዛለች። በሩ አጠገብ በትራቸውን ተመርኩዘው አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ።

ጸሐፊውን በጽሑፍ አንቱ አልለውም። በፊቱ ግን አንድ ቀንም አንተ ብዬው አላውቅም።

ጉዳዩ አስተርጓሚ መምረጥ ነበር። የከብት ክትባት ሊጀመር ነው፤ ሐኪሙ ከነገሌ ተነሥቶ እስከ ፊልቱ ያለውን ቆላ ሊዞር ነው። እሱ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ባለ ከብቶቹ ኦሮምኛ ይናገራሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሪፖርቱን በአማርኛ ይፈልጋል። እኔ ሦስቱንም አውቃለሁ። ሴት ልጅ ከፈረንጅ ጋር ቆላ ትውረድ ወይ የሚለውን ሻለቃው ከአባቴ ጋር አስቀድመው ጨርሰውታል፤ ሾፌሩና ከታቢዎቹ የሰፈራችን ሰዎች ነበሩ። አባቴ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው። ሥራውን ካላገኘሁ በክረምቱ ለአንድ ባለ ሱቅ ሊድሩኝ ቃል ሰጥተዋል። ባለ ሱቁን አልጠላውም ነበር። አልፈለግኩትም እንጂ።

ያደግኩት በጦር ሰፈር ነው። አባቴ የመንዝ ሰው፣ አሥር አለቃ ነበሩ። እናቴ ከነገሌ በታች ካለ የቦረና መንደር ናት። የሰፈሩ ሚስቶች ከየአገሩ የመጡ ነበሩ። የውሃ ቦቴው ሲመጣ ሴቶቹ ይሰለፋሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ጀርባችንን ለሰልፉ ሰጥተን፣ ከኋላችን የምትናገረው ሴት የየት አገር ሰው እንደሆነች በአነጋገሯ ብቻ እንገምታለን። ጎጃሜዋን፣ ወሎዬዋን፣ የጎንደሯን፣ የሐረሯን። የተሳሳተ የሌላውን ጀሪካን ተሸክሞ ቤት ያደርሳል። እኔ የሰው ጀሪካን የተሸከምኩበትን ቀን አላስታውስም።

የእናቴን አነጋገር ለማወቅ ግን ጨዋታም አያስፈልግም ነበር። አፏን ስትከፍት ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አማርኛ ጀምራ መሐል ላይ ወደ ኦሮምኛ ትሻገርና እዚያው ትጨርሰዋለች። የእኔም አማርኛ የእሷን መልክ ይዞ ቀርቷል።

ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ክብረ መንግሥት አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። እዚያ እንግሊዝኛ ያስተማረችን ወጣት አሜሪካዊት የቴክሳስ ሰው ነበረች፣ የከብት አርቢ ልጅ። ስትናገር አትቸኩልም። ቃሉን እንደ ጠገበች ላም ታመነዥገዋለች። ዝናብ ጠብ ሲል እኛን ረስታ መስኮቱ ዘንድ ትሄዳለች። ገበያ ወጥታ የቦረናዎቹን ኮርማ ቆማ ስትመለከት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቦታ ይለቁላት ነበር። ሁለት ዓመት እሷን ብቻ ሰማን፤ እንግሊዝኛዋ ምላሳችን ላይ ተቀመጠ። የአሜሪካም አፍ እንደኛ ደጋና ቆላ እንዳለው አናውቅም። ፈረንጅ ሁሉ አንድ አፍ ይመስለን ነበር።

አሥረኛን ስጨርስ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተፈተንኩ። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ዋናው ይኸው ጸሐፊ ነው፣ ለዚያው ጉዳይ ከነገሌ ተልኮ የመጣ። ቦስተን በሚባል ከተማ፣ በትልቅ ትምህርት ቤት አራት ዓመት እንደተማረ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ቢኖር ራሱ ይነግረዋል። ብርቱካን ሲልጥ እንኳ “እኛ ቦስተን ሳለን” ብሎ ነበር የሚጀምረው። አባቴ በወታደር መኪና መጥተው፣ ኮፍያቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጃቸው አስተማሪ ልትሆን ስለነበር የክት የደንብ ልብሳቸውን ለብሰዋል።

አንድ ገጽ እንዳነብ ተሰጠኝ። ግማሽ ላይ ስደርስ ጸሐፊው በእንግሊዝኛ አስቆመኝና እንደገና ከመጀመሪያው አስነበበኝ፣ ሌሎቹም በደንብ እንዲሰሙ። ከዚያ በአማርኛ እንዲህ አለ፦

“ይቺ ልጅ እንግሊዝኛ አይደለም የምትናገረው፣ ከብት ነው የምትነዳው።”

ሳቁ። ወረቀቴን አገላብጦ እናቴ ማን እንደሆነች አየ። አማርኛዬም ከዚያው ጋጣ የወጣ መሆኑን፣ ይህን አፍ ይዤ የሰው ልጅ ላስተምር ማለቴ እንደሚገርመው ተናገረ። ይህን ሲል አባቴን እያየ ነበር። አባቴ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ ሰላምታ ሰጡና ወጡ። የበታች ናቸውና ሌላ የሚያደርጉት አልነበረም። ነገሌ እቤት ስንደርስ ለእናቴ የወደቅኩት በሒሳብ መሆኑን ነገሯት። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሒሳብን ትረግም ነበር።

አንድ ነገር ግን ከክብረ መንግሥት ይዤ ተመልሻለሁ። አስተማሪዬ የራሷን ተማሪ መፈተን ስለማይፈቀድላት መስኮቱ ሥር ቆማ ስታዳምጥ ቆይታለች። ወጥቼ ከክፍሉ ጀርባ ስቆም ፊቷ ቀልቶ መጣች። የጠየቀችኝ ስለ እኔ አልነበረም። ያ ሰውዬ የት ተማርኩ እንደሚል ጠየቀችኝ። ቦስተን አልኳት። ቦስተን በሰሜን በኩል እንደሆነ፣ ይህ አፍ ግን ከዚያ እንዳልመጣ ነገረችኝ። የእናቷ እናት በደቡብ በኩል ያለው የቴነሲ ተራራ ሰው ናቸው፤ ጸሐፊው ቁርጥ እንደ እሳቸው ነው የሚናገረው። ከዚያ አገር ከመጡ ሚስዮኖች ቤት ካላደገ በቀር ይህን አነጋገር ከየትም አያገኘውም አለች። ቀጥላም ለማንም እንዳልናገር አደራ አለችኝ፤ በሰው ቤት ማደግ ነውር አይደለምና።

አደራዋን ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። የጠበቅኩት ግን እሷ ባለችው ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወደ ክፍሉ ልመለስ። መጀመሪያ የተፈተነችው የጸሐፊው የሚስት እህት ናት። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነበር። ሽማግሌው “አካም፣ ናጋ” ብለው በኦሮምኛ ሰላሟን ሲጠይቋት ግን ዞር ብላ የእህቷን ባል አየች። እሱም ኦሮምኛ በአንድ ወር የሚለመድ ነገር መሆኑን ለሻለቃው አስረዳ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። ያወቀኝ አይመስለኝም ነበር፤ አውቆኛል።

“ደንቡን ስሚ” አለኝ። “በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ፣ ማንም ይናገር ማን፣ ለሌሎቹ ትተረጉሚያለሽ። ምንም ሳታስቀሪ። አንዲት ቃል ካስቀረሽ ወድቀሻል።”

ደንቡንም ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ ለሽማግሌው በኦሮምኛ ተረጎምኩት።

ሽማግሌው እንደ ቦረና ወግ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኤላው የውሃ ጉድጓድ ሰላም አንድ በአንድ ጠየቁ። አላሳጠርኩም። ሐኪሙም ሳይሰለች አንድ በአንድ መለሰ። ከዚያ ፈገግ ብሎ እኔን አየኝና፣ አስተማሪሽ የቴክሳስ ሰው ነው፣ ያውም የምዕራቡ፣ አለኝ። ሴት መሆኗን ብቻ አርሜ እውነት ነው አልኩት። ወታደር ሳለ ከየአገሩ ከመጡ ጎረምሶች ጋር በአንድ አዳራሽ እንደኖረ፣ ሥራ ሲያጡ አንዱ የሌላውን አገር ከአፉ እየገመቱ ይጫወቱ እንደነበር፣ እሱ እምብዛም እንደማይስት አጫወተን። ሻለቃው ስተረጉምላቸው ሳቁ።

“የኛ ሰፈር የቦቴ ሰልፍ ነዋ” አሉ።

ጸሐፊው አልሳቀም። ለሻለቃው በአማርኛ፣ ዱሮም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ የከብት ነጂ እንግሊዝኛ ነው፣ ለመንግሥት ሥራ ያሳፍራል አለ። በደንቡ መሠረት ተረጎምኩት። ሐኪሙ የሰማውን ትንሽ አሰበበትና፣ እሱም የመጣው ለከብት ስለሆነ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን እንግሊዝኛ መሆኑን ተናገረ። ወረቀቴን ሳበ፣ ጻፈበት፣ ፈረመ። ብዕሩን ሲከድን አየሁ።

ሥራው የእኔ ሆኗል። ባለ ሱቁ ሌላ ይፈልጋል። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር።

አላቆምኩም። በአስተማሪዬ እንግሊዝኛ፣ ሳልቸኩል፣ ሐኪሙን ጠየቅኩት። የሰውን አገር ከአፉ ካወቁ፣ የጸሐፊያችን እንግሊዝኛ ከአሜሪካ የየትኛው አገር ነው?

ለሐኪሙ ስለ ቦስተን የነገረው ሰው አልነበረም። እንቆቅልሽ እንደተሰጠው ልጅ ደስ አለው። ጠዋት ጸሐፊው ሰላም ካለው ጀምሮ ማወቁን ተናገረ፤ የቴነሲ ነው፣ የምሥራቁ ተራራ። ወታደር ቤት ከእሱ አጠገብ ይተኛ የነበረ ልጅ እንዲሁ ነበር የሚናገረው። ያስተማሩትም ሚስዮኖች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አንዳንዴ እንደ ሰባኪ ይናገራል አለ።

ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይሄ አይተረጎምም” አለኝ።

ፊቴን ወደ ሐኪሙ አዙሬ፣ ጸሐፊው ይሄ አይተረጎምም ማለታቸውን በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ሻለቃው ዞሬ ሐኪሙ ያለውን በአማርኛ ተናገርኩ። ተራራውን አላስቀረሁም፣ ሚስዮኖቹን አላስቀረሁም፣ ሰባኪውን አላስቀረሁም።

“ቦስተን አልነበረም እንዴ?” አሉ ሻለቃው።

ይህንንም ተረጎምኩ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ቦስተን? በፍጹም አለ። የጸሐፊው የሚስት እህት ከተደገፈችው ማቀዝቀዣ ቀና ብላ ዲፕሎማዋን በሁለት እጇ ያዘች።

ለሽማግሌው በኦሮምኛ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። በእሳቸው አገር ሌላ ቤት ያደገ ሰው አይታማም፤ ያሳደገው ቤት እንዴት ነው ተብሎ እንደ ዘመድ ይጠየቃል። እሳቸውም ጠየቁ። በደግ ልብ መጠየቃቸውን አውቃለሁ። አማርኛ ሲሆን የት እንደሚያርፍም አውቃለሁ።

“አንቱን ያሳደገው የማን ቤት ነው? ሰዎቹ ናጋ ናቸው ወይ? ይላሉ” አልኩት።

ሽማግሌ የጠየቁት ሰላምታ ነው፤ ሳይመልሱ መቅረት አይቻልም። ሻለቃው እየጠበቁ ነበር። ሐኪሙ እየጠበቀ ነበር። ጸሐፊው ወደ በሩ አየ፣ ወደ ጠረጴዛው አየ፣ ወደ እኔ ግን አላየም።

“ሚስዮን ቤት ነው” አለ። “ወጥ ቤት ነበርኩ። ሰዎቹ አገራቸው ገብተዋል።”

ይህን የተናገረበት አማርኛ የአዲስ አበባ አልነበረም። በኦሮምኛ አፉን የፈታ የቦሬ ሰው አማርኛ ነበር፤ ከእናቴ አማርኛ ብዙም የማይርቅ። በቦቴው ሰልፍ ላይ ብሆን ኖሮ ጀሪካን አልሸከምም ነበር። ሰማሁት፣ አወቅኩት፣ አላዘንኩለትም።

የተናገረውን ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ። ለሽማግሌው በኦሮምኛ ተረጎምኩ። ሽማግሌው ያሳደጉትን ሰዎች መረቁለት፤ ምርቃቱንም አንድ ቃል ሳላስቀር በአማርኛ ሰጠሁት።

ከዚያ ወረቀቴን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ፣ ለሻለቃው እጅ ነሣሁና ወጣሁ።