የውሃ አባት በቁም ስብሰባችን

ሸዋ ሮቢት ላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን፣ ለቀወት ወረዳ ሽንኩርት አምራቾች ማኅበር አባላት የመስኖ ተራቸውን በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። የቡድኑ መሪ እኔ ነበርሁ። አጃይል የሚባለውን አሠራር ከመጻሕፍት አጥንቼ፣ ሥራውን በአጭር በአጭር ምዕራፍ ከፍዬ፣ በየጠዋቱ የቁም ስብሰባ ደንግጌ ነበር፤ እያንዳንዱ ቆሞ የገጠመውን እንቅፋት እንዲናገር። ጨዋነታችን ግን ከመጻሕፍቱ በረታ። «እንቅፋት አለ?» ስል መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም» ነበር። ፕሮግራሙ ግን አንድ ቀን ከቦዩ ራስ፣ በማግስቱ ከግርጌው ተራ ሲያስጀምር ሰነበተ።

ማኅበሩ ሥራውን ይቀበል ወይም ይተው ዘንድ የሚወስኑት የውሃ አባቱ ነበሩ፤ ተራ የሚደለድሉ፣ የቦይ ጠብ የሚዳኙ፣ ራሳቸውም ሽንኩርት የሚያለሙ አዛውንት። ሥራችንን ሊያዩ የመጡ ዕለት በቁም ስብሰባችን ላይ ደረሱ። ለእርሳቸው የተነሣን መስሏቸው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣

«በአላህ ተቀመጡ! ወላሂ አትነሡልኝ!» አሉ።

ስለ ዘዴው ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ «አንተም ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ያለችንን አንዲት ወንበር ለእርሳቸው ሰጥተን ወለሉ ላይ ተኮለኮልን።

«እኛ ዘንድ ውሃ ሳይከፈት ያኮረፈ ይናገራል። ማነው ያኮረፈ?»

ባልደረባችን እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ ጋሼ። ተራውን ከላይ አስጀምሬ ስወጣ፣ ይኼ ተከትሎኝ ገብቶ ይገለብጠዋል!»

«የምትገለብጪው አንቺ!» አለ ሦስተኛው። «እኔ እኮ ተሳስተሽ መስሎኝ ማስተካከሌ ነው። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ዝም አልሁ!»

«እኔም ላንተው ማስተካከሌ ነበራ!»

ተያዩ፤ ከዚያም ሳቁ ፈነዳ። አዛውንቱ እንባቸውን በፎጣቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ቦይ ላይ ቢሆን በአካፋ ተፈነካክታችሁ ነበር!» አሉ። እኔ ኮስታራው መሪ ሆዴን ይዤ ተንከባለልሁ።

«ዘንድሮ ከግርጌ ይጀመር» ብለው ፈረዱ። ሁለቱ ኮምፒውተሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው «ኧረ ዐይንህን ግለጥ!» «አንቺ ጣትሽን ሰብስቢ!» እየተባባሉ እዚያው አስተካከሉት። ወዲያው የአዛውንቱ ስልክ ጮኸ። መልእክቱን ጮክ ብለው አነበቡ፤ «የውሃ ተራዎ ነገ ንጋት ነው።»

ብድግ አሉ። «እንዴ! ልሂዳ፣ ቦዬ አልተጠረገ!»

«ሥራውንስ ተቀበሉት፣ ጋሼ?» አልሁ ተከትያቸው እየወጣሁ።

«ባልቀበለው በዚህ ሐሩር አካፋ ፍለጋ እሮጥ ነበር?» ብለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ባጃጁ ገና ሳይታጠፍ፣ ሦስታችን በረንዳው ላይ ተቃቅፈን እንዘል ነበር።