ለክሬዲት የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደወለችልኝ። ዩኒቨርሲቲያቸው ከአጭሩ ኳርተር ወደ ረጅሙ ሴሚስተር ሊዞር ነው። «አባዬ፣ ክሬዲቴ ሊቀንስብኝ ነው!» ብላ ስትጨነቅ «አይዞሽ፣ ቁጥሩ ነው እንጂ ትምህርትሽ አይቀንስም» አልኳት። ይህን ለማስረዳት እኔን የሚያህል የለም። ስልኩን ስዘጋ ግን ፊቴ በእፍረት ጋለ።

እኔ ሁለተኛ ዓመት እንደጨረስኩ የኛም ዩኒቨርሲቲ እንዲሁ ኳርተሩን ተወ። ሦስት የኳርተር ክሬዲት ሁለት የሴሚስተር ሆኖ ይቆጠራል፤ ለመመረቅ የሚጠየቀውም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ማንም አይጎዳም። እኔ ግን ዘጠና ሊኖረኝ ሲገባ የነበረኝ ሰባ ስምንት ነበር። ሦስት ኮርስ ወድቄያለሁ። ምን ሆነህ ቢሉኝ፣ ካርታ ጨዋታ፣ እንቅልፍና ጉራ ነው መልሱ። ሰባ ስምንቱ በአዲሱ ስሌት ሃምሳ ሁለት ሆነ፤ ምረቃዬም በአንድ ዓመት ተገፋ።

አባቴ ከሞላሌ ወዲያ ባለች ደብር መሪጌታ ነበሩ። መስከረም ላይ አገር ቤት ስገባ፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር፣ «አባባ፣ ሰባ ስምንት ክሬዲት ነበረኝ፤ ሃምሳ ሁለት አድርገው ቆረጡብኝ። በዚህ የተነሳ አንድ ዓመት እጨምራለሁ» አልኳቸው። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። ውሸቱን ያሳመረልኝም ይኸው ነው።

በኛ አገር ሰው ሲበደል ሽማግሌ ይላካል። ድንበር የገፋም ሆነ የጋራው ሣር፣ ጓሳው፣ ሳይከፈት ያጨደ፣ መጀመሪያ የሚያየው ሽማግሌ ነው። ማስታረቅ የሚያውቁት ጎረቤታችን ጋሽ ወንድይፍራው ነገሩን ሲሰሙ «የልጅ ድካም ይቆረጣል እንዴ? አይደረግም!» ብለው ተነሱ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ይዤ የቀረበልኝን ገንፎ በላሁና ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ጥቅምት ላይ፣ አጨዳው ሲጣደፍ፣ ማጭዳቸውን ጥለው አዲስ አበባ መጡ። አንድ ጠዋት ሬጅስትራሩ በር ላይ ጥምጥማቸውን አሳምረው የጠመጠሙ አባቴንና ከዘራቸውን የተመረኮዙ ጋሽ ወንድይፍራውን ሳይ ክው አልኩ። «ና፣ አብረኸን ግባ» አሉኝ አባቴ።

ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ጋሽ ወንድይፍራው ውጭ አግዳሚው ላይ ቀሩ። ሬጅስትራሯ አባቴን አስቀምጣ፣ ሳትሰለች አስረዳቻቸው። ለመረዳት ደቂቃም አልፈጀባቸውም።

«ቁናው ሰፋ እንጂ እህሉ አልጎደለም ይበሉኛ!»

«ልክ ነዎት አባ። የልጅዎ ክሬዲት ያነሰው ሦስት ኮርስ ስለወደቀ ነው። አልነገረዎትም?»

አባቴ ወደኔ ዞር አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለዋት ቀስ ብለው ተነሱ።

ደጅ ስንወጣ ጋሽ ወንድይፍራው «እህሳ መሪጌታ? መለሱለት?» አሉ።

«ጥፋቱስ የኔ ነው ወንድይፍራው። ልጁ ደህና አድርጎ ነግሮኝ ነበር፤ ቁጥሩ ለኔ አልገባኝም። ምንም አልተቆረጠበትም።»

«ወይ ጉድ! ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ የኖሩ ሰው!» ብለው ጋሽ ወንድይፍራው እስኪያስላቸው ሳቁ። አባቴም አብረው ፈገግ አሉ።

አውቶቡስ ተራ ስሸኛቸው አባቴ ለመንገድ የያዙትን በሶ ከነስልቻው ሰጡኝ። «እንካ፣ ከስተሃል» አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ! «አባባ…» ብዬ ስጀምር «መኪናው ሊሄድብን ነው» ብለው ተሳፈሩ። አንድ ዓመት ጨምሬ ተመረቅሁ። እሳቸውም እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን አላነሱብኝም።

በተዝካራቸው ቀን፣ ዳሱ ሞልቶ ሳለ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ጠላቸውን ይዘው ያንን ታሪክ አወጉ። «የዘመን ቁጥር ያላቃታቸው መሪጌታ፣ ክሬዲት አቅቷቸው ገብሴን አስጥለው አዲስ አበባ ድረስ ወሰዱኝ!» ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ከዋሸሁት ይልቅ የሚያቃጥለኝ ይህ ሳቅ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው ዛሬም በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ቢደክምም ጨዋታቸው አልደከመም። አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። አጠገባቸው ያስቀምጡኝና እጄን ይይዙኛል። «አባትህ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ መሰለህ፤ ቁጥር ብቻ ነው ያልሆነላቸው» ይሉኛል።

«አዎ» እላቸዋለሁ።