ያላነሳኋት ድንጋይ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ እየዘለልኩት ስንት ጊዜ ከፊታቸው ተነሥቻለሁ። አንተ ግን አታውቀኝም፤ ፊትህንም አላየውም። የደፈርኩት ለዚያ ይሆናል።

ያደረግኩት ሲነገር ትንሽ ነው። አንዲት ድንጋይ ሳላነሳ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ሲጣሩ ሰምቼ ዝም አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሐምሌ፣ የእረፍት ቀኔ ማክሰኞ ላይ ዋለና ብቻዬን በባጃጅ ወደ ደንገጎ አቅጣጫ ሄድኩ። እዚያ ተራራው ሥር የተከለለ ሸለቆ አለ። ወንዙ ዓለቱን ቦርቡሮ አንዱ ከአንዱ በላይ ሦስት የመዋኛ ገንዳ ሠርቷል፤ በዳር በዳሩ የእግር መንገድ ተበጅቶለታል።

በሩን የሚጠብቁት ኦቦ ዩያ የሚባሉ፣ ሽርጥ የለበሱ ቀጭን የኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። መጻፍ አይችሉም። መዝገባቸው በሩ አጠገብ ያለ ጠፍጣፋ ዓለት ነው። የሚገባ ሰው ሁሉ ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ አንስቶ እዚያ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲወጣ አንስቶ ይጥለዋል።

«ድንጋይ ካለ ሰው አለ» አሉኝ ወደ ዓለቱ እያሳዩ። «ስትወጣ ታነሳለህ። በላይ በኩል መውጣት የለም፣ እሺ ኢልማኮ?»

ኢልማኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እሺ አልኩ። ነጭ መስመር ወገቧን የዞራት ጥቁር ድንጋይ መርጬ አስቀመጥኩ። ዓለቱ ላይ ሌላ ድንጋይ አልነበረም፤ የዚያን ቀን እንግዳ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ድሬ ተወልጄ አድጌ እንዲህ ያለ ውሃ አላየሁም ነበር። የእኛ ወንዝ አሸዋ ነው፤ ኳስ የተጫወትነው ደቻቱ መሃል ነው። እዚህ ግን ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ሙቀቱ ሲያነድደኝ ከርሜ ስገባበት ትንፋሼ ቆመ። በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ። ከላይ የሾላ ሥሮች በገደሉ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ሰማዩ በገደሎቹ መሃል ቀጭን ሆኖ ይታያል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አለቀስኩ። ይህን የሠራ አምላክ እኔንም ያውቀኛል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ወጣሁ።

ከሦስተኛው ገንዳ በላይ መንገዱ በእሾህ ታጥሯል። አጥሩን አልፎ ትንሽ ከወጡ ግን ሚኒባስ የሚያልፍበት አስፋልት ነው። ደመና አይቼ ፈርቼ በዚያ ወጣሁ ብል ደስ ባለኝ! ውሸት ነው፤ ደመናውን ገና አላየሁትም ነበር። ወደ ታች መመለስ ታከተኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ድንጋይዋ ትዝ ብላኛለች። አንዲት ድንጋይ ናት አልኩ። እሾሁን ገፍቼ ወጣሁ።

ላይ ደርሼ ዞር ስል ነው የደጋው ሰማይ ጠቁሮ ያየሁት። እኔ ራስ ላይ ፀሐይ ነው። ላይ ከዘነበ ታች በጠራራ ፀሐይ ጎርፍ እንደሚመጣ እናቴ በቁንጥጫ አስተምራኛለች። አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

ያኔ ነው የሰማኋቸው።

«ያ ጉርባ! ኮቱ! አንተ ልጅ፣ ና! ውጣ!»

ቁልቁል አየሁ። ኦቦ ዩያ የራሳቸውን ሻሽ ፈትተው እያውለበለቡ በመጀመሪያው ገንዳ ዳር ይሮጣሉ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ «ወጥቻለሁ!» ብል የኔም ይሰማቸው ነበር። ለምን አላልኩም? እሾሁን ለምን ነካህ ብለው እንዳይቆጡኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ቁጣ ፈርቼ ከቁልቋል ጀርባ ተደበቅሁ! ሲያጡኝ ይመለሳሉ አልኩ። እሳቸው ግን እየተጣሩ ወደ ሁለተኛው ገንዳ ወጡ።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ወፎቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ሸክላ የመሰለ ቀይ፣ አንድ ሙሉ ግራር ከነሥሩ አቁሞ ይዞ። የቆምኩበት መሬት እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሦስቱም ገንዳዎች ዓይኔ እያየ ጠፉ። አምላኬ፣ እንዴት ያስደነግጥ፣ እንዴትስ ያምር ነበር! አፌን ከፍቼ ቆሜ ሽማግሌውን ረሳኋቸው። ሰው እንዴት ይረሳል? እኔ ረሳሁ። ሚኒባስ መጣ፣ ገባሁ፣ ቤቴ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በእኔ መስመር ላይ የምትሰፋ ፈትያ የምትባል ልጅ ከፈቃድ ተመለሰች። አባቷን ጎርፍ ወስዶት የሾላ ሥር ይዞ ተረፈ፤ እግሩ ግን ተሰባብሯል አለች።

«አቦ፣ ከሥራም አስወጡት» አለች። «አርጅተሃል፣ ድንጋይ መቁጠር አትችልም አሉት። ማንም አልጠፋም፣ ልጄ ጠፋ ብሎ የመጣ ቤተሰብም የለም። እሱ ግን አንድ ሰው ቀርቷል ብሎ ይሞግታል።»

ኦቦ ዩያ አባቷ መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። መኪናው ላይ አጎንብሼ ካቻቢቴ አቀብይኝ አልኳት።

ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ሠራን። ሦስት ዓመት በየጠዋቱ «አባባ እንዴት ናቸው?» እላለሁ፤ ደግ ሰው ነህ ትለኛለች። የሽማግሌውን እግር የሰበረው፣ ሥራቸውንም ያሳጣቸው የኔ ዝምታ መሆኑን አውቅ ነበር፤ በደሌ ያ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በቀደም በኢድ ፈትያ እኛን የሥራ ጓደኞቿን ቤታቸው ጠራችን። ኦቦ ዩያ ምርኩዛቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ አላወቁኝም። መስኮቱ ላይ ነጭ መስመር ወገቧን የዞራት ጥቁር ድንጋይ ተቀምጣለች።

ምንድን ናት ብዬ ጠየቅሁ። እኔው ጠየቅሁ!

«ያ ልጅ ነው» አሉ። «ውሃ ወሰደው። ብጣራ ብጣራ አልደረስኩለትም። ጁምዓ ጁምዓ ዱዓ አደርግለታለሁ። ስሙን አላውቅም፤ የድንጋዩ ልጅ እላለሁ። አላህ ያውቀዋል።»

ያን ውሃ አይቼ ተደንቄ ነበር፣ ያን ጎርፍ አይቼ ተደንቄ ነበር፤ እንዲህ ግን ሆኜ አላውቅም። የራሴ እናት እንኳ እንዲህ ትጸልይልኝ እንደሆነ እንጃ። አንድ ሰው የኔን ሞት ተሸክሞ ሦስት ዓመት በየሳምንቱ ተንበርክኳል፤ እኔ ደግሞ ፊቱ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። ዝም ብዬ ወጣሁ። ይኸው እንደገና ዝም አልኩ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ደንግጦ ነው፣ አላሰበውም ብለህም አታቅልልኝ። ጁምዓ ከሶላት ሲመለሱ ቤታቸው እሄዳለሁ። የምለውን አጥንቻለሁ። ቆጠራዎ ልክ ነበር። ድንጋይዋ የኔ ናት። በሕይወት አለሁ። እነዚህን ማለት አያቅተኝም። ጉሮሮዬ ላይ የምትቆመው አንዲት ቃል ናት፤ ከእሷ ካልጀመርኩ እንደማልላት አውቃለሁ፣ ስለዚህ ደጃፋቸው ላይ ገና ቆሜ እሷን እላለሁ፦

ኦቦ ዩያ፣ ሲጣሩ ሰምቼዎት ነበር።