የሃምሳ አለቃው ሣር

ነገሌ ውስጥ ፍሬሰንበትን የማያውቅ የለም። ከጎጃም በወታደርነት መጥቶ፣ ኦብሴን አግብቶ፣ ጡረታ ሲወጣም «ደግሞ ወዴት ልሄድ?» ብሎ የቀረ ሃምሳ አለቃ ነው። ዘብነቱ ግን አልለቀቀውም፤ ዛሬ የሚጠብቀው ሣር ነው። የሊበን ሜዳ ቦረናዎች ለጥጆቻቸው በእሾህ አጥረው የሚያቆዩትን፣ ካሎ የሚሉትን።

እዚያ ሣር ውስጥ ሌላ ቦታ እምብዛም የማትገኝ ትንሽ ወፍ ትኖራለች። ሜዳው ሲታረስ፣ ቁጥቋጦም ሲወርሰው እየተመናመነች ሄዳ አምና ጨርሶ ጠፋች። «እንግዲህ ለጥጆቹ ግማሹ ይበቃል፤ ሌላውን በቆሎ እንዝራበት» አለ ሁቃ የሚባል ጎረምሳ። ሽማግሌው ጂሎ እንዲህ ሲሉ ዳኙ፦ «ወፏን በዓይኔ ካየሁ አይታረስም። ካላየሁ ጥመድ።»

ዝናቡ እንደጣለ ፍሬሰንበት ድምፅዋን ሰማሁ ብሎ አገሩን አናወጠው። በቀጠሮው ጧት እሱና ኦብሴ አጥሩ ሥር በሆዳቸው ተኝተው ሲጠብቁ ጂሎ መጡ። ሁቃም በሬዎቹን ጠምዶ ከኋላቸው።

«ናጋ?» አሉ ጂሎ፣ ድምፃቸውን ለቀቅ አድርገው።

ኦብሴ ብድግ!

«ኧረ ተኚ!» አለ ባሏ በሹክሹክታ።

«ሽማግሌ ሰላም እያሉኝ ልተኛ? ምን ያለኸው ነህ!»

የቦረና ሰላምታ ደግሞ ተጀምሮ አይቆረጥም። ሰዉ ደህና? ደህና። ላሞቹስ? ጥጆቹስ? ዝናቡስ?

«አባባ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ! ወፏ ትበራለች!»

«ሰላምታ የሚያስደነግጣት ከሆነ የቦረና ወፍ አይደለችም» አሉና «ግመሎቹስ?» ወደሚለው ተሻገሩ።

ይሄኔ ከፍሬሰንበት ራስ አጠገብ ፍር! ብላ ሽቅብ ወጣች፤ አየር ላይ ተንጠልጥላም ዘፈኗን ለቀቀችው። ጂሎ አንጋጠው፣ ግመሎቹን ትተው፣ «አንቺስ፣ ናጋ?» አሏት።

ፍሬሰንበት እልል እያለ ዘለለ። ዘሎ ያረፈው ግን አጥሩ ላይ ነው። ኦብሴ በሳቅ እየፈረሰች ከባሏ መቀመጫ እሾህ ትነቅላለች፤ እሱ «ዘፈነች እኮ! አይታችኋል አይደል?» እያለ ይጮኻል። ሁቃ እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ምን ትስቃለህ?» አሉት ጂሎ። «በሬዎቹን ፍታ። ከዚያ ቁጥቋጦ እሾህ ቁረጥና ይሄ ዘበኛ ያፈረሰውን አጥር ድፈን።»